ግራፊክሱ፣ አካሉና ዋጋው፦ ለሬንደር የሚሆን ላፕቶፕ ስመርጥ ያለፍኩበት

ይህን የምጽፈው አርክቴክቸር ወይም ኢንቴሪየር ዲዛይን ለምትማሩ፣ ቪዲዮ ለምታቀናብሩ፣ በብሌንደር ለምትሠሩ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያጠራቀማችሁትን ብር ይዛችሁም ላፕቶፕ ፍለጋ መገናኛ ለመውረድ ለምታስቡ ነው። ሬንደር ማለት ማሽኑ ከሠራነው ሞዴል የተጠናቀቀ ምስል ወይም ቪዲዮ ማውጣቱ ነው። እኔ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን የጨረስኩት ሥራውን በማይችል ማሽን ላይ እየታገልኩ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ለመግዛት ስነሳ፣ ገበያው ላይ የሚነገረውና ማሽኑ ውስጥ ያለው ምን ያህል እንደሚራራቅ አየሁ። ማንም ሳይነግረኝ የደረስኩባቸውን ነገሮች እናንተ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያ ላፕቶፔን በ2014 ሜሪላንድ ያለው አጎቴ በሰው እጅ ላከልኝ። ቀጭንና ቀላል ነበር። ከኪቦርዱ አጠገብ የተለጠፈው ምልክት የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ የሆነው አርቲኤክስ 3060 እንዳለው ይናገራል። ግቢ ውስጥ ያየው ሁሉ «አንቺስ ተገላገልሽ» ይለኝ ነበር፤ እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። አውቶካድ፣ ስኬችአፕ፣ ሬቪት ሁሉም ያለ ችግር ይከፈታሉ። የቤት ሥራዎቻችን ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ የሚያማርረኝ ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው የሕንፃ ሞዴልን ፎቶ አስመስሎ ሬንደር በሚያደርገው በሉሚዮን መሥራት ስንጀምር ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ወፍራምና ከባድ የጌም ላፕቶፕ ነበረው፤ ግራፊክሱ እንደኔው 3060 ነው። ለቡድን ሥራ አንዱን ፋይል ሁለታችንም ከፍተን፣ አንዱን ምስል በአንድ ጥራት ሬንደር አስጀመርን። እሱ ጨርሶ ሌላ ካሜራ እያስተካከለ ሳለ የኔው ገና ግማሽ ላይ ነበር። ፋኑ ይጮሃል፤ ከኪቦርዱ በላይ ያለው ክፍል እጅ አያስነካም። አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ 6 ጂቢ ሜሞሪ፤ ሥራው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ምክንያቱን እስካገኘው ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምክንያቱ ዋት ነው። ኤንቪዲያ ቺፑን ለላፕቶፕ አምራቾች ሲሸጥ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያጠጡት ለእነሱ ይተወዋል። የላፕቶፑ 3060 ከ60 እስከ 115 ዋት ድረስ ይፈቀድለታል፤ በዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲቀለው እስከ 15 ዋት ሊጨመርለት ይችላል። ቀጭን ላፕቶፕ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል አምራቹ ዝቅ አድርጎ ያስረዋል። የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ከፍታችሁ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ስትነኩ «ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። የኔው 75 ዋት ይላል፤ የጓደኛዬ 130። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ላፕቶፕ ይህን መስመር ሳላይ አላደነቅኩም። ከ3060 በኋላ በመጡት በ4050 እና በ4060 ደግሞ ክፍተቱ ይብሳል፤ ለሁለቱም የተፈቀደው ከ35 እስከ 115 ዋት ነው። 35 ዋት ላይ የታሰረ 4060 ከገዛችሁ ከፍላችሁ የወሰዳችሁት ስሙን ነው።

እዚህ ላይ ነው አካሉ የሚመጣው። ብዙ ሰው ግራፊክስን እንደ አንድ ጉዳይ፣ የአካሉን ጥንካሬ እንደ ሌላ ጉዳይ ያየዋል። ግራፊክሱ የሚሠራው ግን አካሉ ሙቀቱን እስካስወጣለት ድረስ ነው። ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚያስወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። የከተማው ቅዝቃዜ ጥቂት ይክሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያካክሰውም። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ላላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ጠላት ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት የምታዩት የአውሮፓና የአሜሪካ የፍጥነት ውጤት እናንተ ጋ ያን ያህል ላይደርስ ይችላል፤ በቀጭን ማሽኖች ላይ በተለይ።

የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ሲደርስ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣ። ሳይቱን ከነዛፎቹና ከነአካባቢው ሕንፃዎች ስጭነው 6 ጂቢው ይሞላና ፕሮግራሙ ይዘጋል። ዛፎቹን ቀንሼ ስሞክር ደግሞ ማሽኑ ግሎ ድንገት ይጠፋል። በዚሁ መሐል ስክሪኑን ስከፍት ከግራ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የታችኛው ፕላስቲክ ከማዕዘኑ ተላቆ ወጣ። ሥራውን ለሚገመግመው ጁሪ ማቅረቢያው የቀረው ጊዜ በጣም ጥቂት ነበር።

የወሰድኩት መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ያለ ጥገና ቤት ነው። ባለሙያው የታችኛውን ክዳን ፈቶ የጠረጴዛ መብራቱን አስጠግቶ አሳየኝ። ሂንጁ፣ ማለትም ስክሪኑን ከታችኛው አካል ጋር የሚያያይዘው ማጠፊያ፣ ራሱ ብረት ነው፤ ምንም አልሆነም። ችግሩ ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ትንንሽ የናስ ቀለበቶች የተተከሉት በስስ ፕላስቲክ ውስጥ መሆኑ ነው። ቀለበቶቹ ፕላስቲኩን ይዘው ተነቅለው ሂንጁ ላይ ተንጠልጥለዋል። «እህቴ፣ ሂንጁ ሲጠብቅ ፕላስቲኩን ይስበዋል። ሁልጊዜ ሙቀት ያለበት ቦታ ደግሞ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለኝ። ቀጥሎ የፋኑን መውጫ አሳየኝ፤ አቧራው ተጋግሮ ብርድ ልብስ መስሏል። በኢፖክሲ አጣበቀው፣ አቧራውን አጸዳው፣ ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ተርማል ፔስት ቀየረው። ሙቀቱ ተሻለ፤ ዋቱ ግን ያው 75 ነው፣ ሜሞሪውም ያው 6 ጂቢ።

ያን ፕሮጀክት የጨረስኩት ጓደኛዬ ማታ ማታ ማሽኑን ስለሰጠኝ ነው፤ ውለታው አይረሳኝም። ሌላው ያዳነኝ ነገር ሥራውን መከፋፈል ነበር። ሳይቱን በሙሉ በአንድ ፋይል ከመጫን ይልቅ ለእያንዳንዱ ካሜራ የሚታየውን ብቻ አስቀርቼ ለየብቻ አወጣሁ። ቪዲዮውንም እንደ አንድ ፋይል ሳይሆን እንደ ተከታታይ ምስል አወጣሁት። ይህን ልመዱት፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ማሽኑ ቢዘጋ የወጡት ምስሎች ይተርፋሉ፤ ከቆመበት ትቀጥላላችሁ።

ተመርቄ የራሴን ማሽን ልግዛ ስል ደግሞ ገበያው ተናወጠ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የላፕቶፕ ዋጋ አብሮ ወጣ። በፊት አዲስ ይገዛልኛል ያልኩት ብር ያገለገለ ብቻ የሚገዛ ሆነ። ያኔ አለቀስኩ። ኋላ ግን ያ ጥበት በጥንቃቄ እንድመዝን አስገደደኝ፤ ዝርዝሩን ሁሉ ያጠናሁት በዚያ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ ገበያ ላይ የምትሰሙትን እንዴት እንደምታጣሩ ልንገራችሁ። «8 ጂቢ ግራፊክስ አለው» የሚለው ቃል በጣም ብዙ ሰው ጎድቷል። አንዲት ከእኔ ጋር የተመረቀች ልጅ በዚህ ቃል የገዛችው ማሽን ምንም የተለየ ግራፊክስ ካርድ አልነበረውም። ዊንዶውስ የራሙን ግማሽ ለግራፊክስ ሊያካፍል እንደሚችል ያሳያል፤ 16 ጂቢ ራም ያለው ማሽን ላይ 8 ጂቢ ተብሎ ይታያል። ያ የተበደረ ራም ነው። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብታችሁ ጂፒዩ የሚለውን ንኩ። «ዴዲኬትድ» የሚለው ቁጥር ነው የእናንተ፤ «ሼርድ» የሚለውን ከቁጥር አታስገቡት። በዝርዝሩ ላይ ኢንቴል ብቻ ካለና ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ ሬዲዮን የሚል ሁለተኛ ጂፒዩ ከሌለ፣ ለሉሚዮን የሚሆን ማሽን አይደለም። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው፤ ከፍታችሁ እዩ።

«ኮር አይ 7 ነው» የሚለውም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጀነሬሽኑንና መጨረሻው ላይ ያለውን ፊደል ጠይቁ። ዩ የሚል ፊደል ያለበት ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ፣ ኤች የሚል ያለበት ለከባድ ሥራ የተሠራ ነው። ለከባድ ሥራ አይ 5-12500ኤች ከአይ 7-1255ዩ ይበልጣል፤ ሱቅ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ሁለተኛው ነው።

ከዚያ የራሳችሁን ሥራ እዩ። ሬቪትና አውቶካድ ከግራፊክሱ ይልቅ የፕሮሰሰሩን የአንድ ኮር ፍጥነትና ራም ነው የሚፈልጉት፤ ሥራችሁ ድሮዊንግ ብቻ ከሆነ ለግራፊክስ ብዙ ብር አታውጡ። ሉሚዮን፣ ኤንስኬፕ፣ በብሌንደር ውስጥ ያለው ሳይክልስ ደግሞ ግራፊክሱን ነው የሚበሉት። ለእነሱ ከፍጥነቱ በፊት የግራፊክሱ ሜሞሪ መጠን ይቀድማል፤ ቀርፋፋ ካርድ ያስጠብቃችኋል፣ ሜሞሪ ያነሰው ካርድ ግን ፋይሉን ጭራሽ አይከፍትላችሁም። አፍተር ኢፌክትስ ለምትሠሩ ራሙ ይቅደም።

በመጨረሻ ሦስት ማሽኖች ላይ ቀረሁ። የመጀመሪያው አዲስ፣ ቀጭን፣ 4050 ያለው ነው። ሁለተኛው ያገለገለ ኤችፒ ዜድቡክ 15 ጂ6 ኳድሮ ቲ2000 ከሚባለው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ጋር። ሦስተኛው ያገለገለ የ2021 ሌኖቮ ሊጅን 5፣ ከ3060 ጋር።

አዲሱ ልብ ይስባል፤ ከነካርቶኑ ነው፣ ዋስትናም አለው። ዋቱን ሳየው ግን ዝቅ ያለ ነበር። ራሙ አንድ 8 ጂቢ ብቻ ነው። ስክሪኑ ደግሞ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ የሚባለው ዓይነት ሆነ። ይህ ቁጥር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ኤስአርጂቢ ከሚባለውና ለድረ ገጽ መደበኛ ከሆነው የቀለም ክልል ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉን እንኳ አያሳይም። የድንጋይ ቀለም መርጣችሁ አሳትማችሁ ስታዩት ሌላ ነገር ይሆናል፤ ደንበኛ ፊት ሰበብ የሚያስደረድር ስክሪን ነው። ክዳኑን ከማዕዘኑ ይዤ ስከፍተው ደግሞ መላው ፕላስቲክ ተጣመመ። የተነቀሉት የናስ ቀለበቶች ትዝ አሉኝ።

ዜድቡኩን እጅግ ወድጄው ነበር። አካሉ ብረት ነው፣ ሂንጁ አይነቃነቅም፣ የታችኛው ክዳን በቀላሉ ይከፈታል፣ ራም መጨመሪያ ቦታ ሞልቶታል። ከውጭ መሥሪያ ቤቶች እየወጡ ወደ እኛ የሚመጡት ዜድቡክ፣ ዴል ፕሪሲዥንና የቲንክፓድ ፒ ማሽኖች በአካል ጥንካሬ ከሁሉም ይበልጡብኛል። ችግሩ ቲ2000 ከጂቲኤክስ 1650 ጋር አንድ ዓይነት ቺፕ መሆኑና ሜሞሪው 4 ጂቢ ብቻ መሆኑ ነው። ኳድሮ የሚለው ስም ፈጣን ማለት አይደለም፤ እንደ ሬቪትና ሶሊድወርክስ ላሉ ፕሮግራሞች የተፈተነ ድራይቨር አለው ማለት ነው። ሥራዬ ሬቪት ብቻ ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ የምወስደው እሱን ነበር፤ ለሲቪል ኢንጂነር ጓደኞቼ ሁሉ እሱን ነው የምመክረው።

ሊጅኑ ከባድ ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ቻርጀሩ ራሱ እንደ ጡብ ይከብዳል። አካሉ አብዛኛው ፕላስቲክ ቢሆንም ወፈር ያለ ነው፤ ከኋላና ከጎን ሰፋፊ የአየር መውጫ አለው። ዋቱን ከፈትኩት፦ 130። ሁለት የራም ቦታ፣ ሁለት የኤስኤስዲ ቦታ። ያየሁት ማሽን ስክሪኑ መቶ በመቶ ኤስአርጂቢ ነው። ሜሞሪው ያው 6 ጂቢ መሆኑ አሳስቦኝ ነበር፤ 8 ጂቢ ያለው 4060 በወቅቱ ከአቅሜ በላይ ስለነበር ፋይል መከፋፈሉን እንደምቀጥልበት ወሰንኩ። ዋጋውን ሳስብ ደግሞ የማሽኑን ብቻ አላሰብኩም። ራሙን ወደ 32 ማሳደጊያ፣ ማጽጃና ተርማል ፔስት፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ዩፒኤስ፣ ሁሉንም ደምሬ ነው ያወዳደርኩት። ስትደምሩት ርካሽ የመሰለው ማሽን ውድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ወደፊት መጨመር ስለማትችሉ ከመጀመሪያው ተጠንቀቁ። ሊጅኑን ወሰድኩ።

ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ረጋ ብላችሁ ተቀመጡ። እኔ ፍላሽ ላይ ብሌንደርንና የሙቀት መለኪያውን ኤችደብሊው ኢንፎን ይዤ ሄድኩ። ቻርጀሩ ተሰክቶ አንድ ከባድ ፋይል ግማሽ ሰዓት ያህል ሬንደር ሲያደርግ ዋቱንና ሙቀቱን አብሬ ተመለከትኩ። ሙቀቱ 80ዎቹ ውስጥ መቆየቱ ለጌም ላፕቶፕ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ዋቱ በደህና ጀምሮ ከደቂቃዎች በኋላ ወርዶ እዚያው ሲቀር ነው፤ ያ ማሽን ወይ አቧራ ሞልቶታል ወይ ማቀዝቀዣው ደክሟል። ሻጩ «ለምን አምስት ደቂቃ አይበቃሽም?» ቢላችሁ አይበቃም በሉት፤ ሙቀት ጊዜ ይፈልጋል። ባትሪውን ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ይነግራችኋል፦ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ powercfg /batteryreport ብላችሁ የባትሪ ሪፖርት አውጡና ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም አሁን ከሚይዘው ጋር አስተያዩ። ሂንጁን በአንድ እጅ ከመሐል ክፈቱት፤ ከማዕዘኖቹ የሚላቀቅ ፕላስቲክ ካለ፣ ወይም የታችኛው ክዳን ብሎኖች ከጎደሉ፣ የተጣበቀ ነገር አለና ተዉት። የመመለሻ ቀኑንም በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ አስደርጉ፤ በቃል የተባለ ነገር ኋላ አይገኝም።

ስለ መብራት። ላፕቶፕ ባትሪ አለው ብላችሁ ለሬንደር አትተማመኑበት። ባትሪው ግራፊክሱ የሚፈልገውን ዋት መስጠት ስለማይችል፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ኃይሉን በጣም ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የቻርጀራችሁን ዋት የሚችል ዩፒኤስ ግዙ፤ ሬንደሩን በሰላም ለማቆም ጊዜ ይሰጣችኋል፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅም ይከላከላል። በርካሽ ዲቫይደር ላይ ምድጃና ላፕቶፕ አንድ ላይ አትሰኩ። በታይፕ ሲ የሚሞላ ማሽን ካገኛችሁ ደግሞ ለቀላል ሥራ በትንሽ ቻርጀር መሥራት ትችላላችሁ፤ ከባዱን ጡብ ቤት ትታችሁ መውጣት ትልቅ እፎይታ ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ «ጥሩ ላፕቶፕ» ብላችሁ አትተዉት። ዘመዶቻችን ከልባቸው ነው የሚገዙት፤ ሱቅ ሄደው የሚያዩት ግን የሚያምረውን ነው። ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ጻፉላቸው። የግራፊክሱን ዋት፣ የግራፊክሱን ሜሞሪ፣ ራሙ የሚጨመር መሆኑንና የስክሪኑን ቀለም አረጋግጣችሁ ላኩ። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን እንዲያዩ ንገሯቸው፤ ካለ እኛ ጋ ባለው 220 ይሠራል፣ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። አጎቴ አሁን ለታናሽ ወንድሜ ሊገዛ ሲያስብ በመጀመሪያ ለእኔ ነው የሚደውለው፤ «ዋቱ ስንት ነው ልበላቸው?» ይለኛል።

ከገዛችሁ በኋላ ማሽኑን አልጋና ትራስ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ፤ አየር የሚገባው ከሥር ነው። ከኋላ በኩል ከፍ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት በሙቀት መለኪያው ላይ ለውጡን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። በጋው ሲያልቅ፣ አቧራው ከበዛ በኋላ ማለት ነው፣ አስከፍታችሁ አስጠርጉት። ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ባትሪው መቶ በመቶ እንዳይሞላ ገደብ አድርጉበት፤ በሌኖቮ ቫንቴጅ ውስጥ ኮንሰርቬሽን ሞድ የሚባለው ይህ ነው፣ ሌሎቹም አምራቾች በራሳቸው ፕሮግራም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። መስክ የምትወጡበት ቀን ሲደርስ ከምሽቱ ገደቡን አንሥታችሁ ሙሉት።